ሙጫ

ዱቄቴን በውኃ፣ ውኃውን በእሳት
አማስዬ ስወጣ ሰው ሲገባ ቤት፣
ባልዲ በቀኝ እጄ፣ መሰላል በትከሻ፣
ከፒያሳ ጫፍ ነው የሥራዬ መነሻ።
ቸርችልን ቁልቁለት፣ ፖስታ ቤትን ዞሬ፣
ብሔራዊን አልፌ፣ ስታዲየም አድሬ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት
የሰው ፊት ለጠፍሁኝ በከተማው ግንብ ላይ፣
የእኔን ፊት ግን አንድም ሰው ቀና ብሎ ሳያይ።

ታዲያ ብናገርስ ምን አለበት?
አፌ ሙጫ የለበት።

ታዋቂነት ማለት የጠበበ ሸሚዝ፤
ለሚያየው ሽቅርቅር፣ ለለበሰው መዘዝ።

የትርሲትን ፍቺ ሰፈሩ በሙሉ
ጽፎ እንዳጠናው ያውቀዋል በቃሉ፤
ቤቱ ለማን ሄደ፣ መኪናው ለማን ደረሰ፣
በየትኛው ሐሙስ ማን ለማን አለቀሰ።
ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ግን
ቤታቸው ሲፈርስ፣ ዕቃቸው ሲጫን
ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ጠፋ፤
«የቷ አስካለ?» አለኝ አንዱ፣ አንገቱን እንደ ደፋ፣
በሁለት ጣቱ የትርሲትን ቀለበት እያሰፋ።

ስለ ፊልሙም እንዲሁ። ርዕሱን ሳይ ይበቃኛል።
ሀብታሟ ልጅ ደሃውን ትገጨዋለች በመኪና፣
ሆስፒታል ይተኛል፣ ይፋቀራሉ ገና
ፋሻው ሳይፈታ።
ቤቱ ሁሌ ቪላ፣ ሳሎኑ ሁሌ ሰፊ፣
የታክሲ ሰልፍ የለም፣ መብራት የለም ጠፊ፣
ኪራይ ጠያቂ የለም፣ ጀሪካን ይዞ ተሰላፊ።
በዚች ከተማ ውስጥ ሌላ ከተማ አለች መሰለኝ፣
መንገዷን እስካሁን ማንም ያላሳየኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የፋሲካ ዋዜማ፣
በጎች ሲነዱ አየሁ በአራት ኪሎ ጨለማ፤
አንዱ ሙክት ከመንጋው ተነጥሎ ቆመ፣
የአቤኔዘርን አገጭ ልሶ አጣጣመ፣
ቀጥሎ ከንፈሩን ቀድዶ ቆረጠመ።
ነጂው ሊመታው ሲል «ተወው» አልሁት፣ «ይብላ፤
ዱቄቱን ነው እንጂ ዝናው መች ይበላ!»
ደግሞም ከእኛ ይሻላል፤
አድናቂህ ነኝ ብሎ አንገቱን አላቀፈም፣
ነክሶት ሲያበቃም ፎቶውን አልለጠፈም።

ከዚያ ያ የሐምሌ ምሽት።
ዝናቡ ሙጫዬን ወተት አድርጎታል፣
ወረቀቱም ከግንቡ ይንሸራተታል።
ከቆርቆሮው አጥር ሥር አንዲት ሴት ቆማለች፣
በነጠላ አፏን እስካይኗ ሸፍናለች፣
«ወንድም፣ የሽሮ ሜዳ ታክሲ አበቃ እንዴ?» አለች።
ድምጿ! የያዝሁት ወረቀት ተናገረ፣
እጄ ባለበት ቀረ።
ግማሽ ፊቷ ተለጥፏል፣ ግማሹ ከእጄ ተንጠልጥሏል፣
ሙሉውን ከኋላዬ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል።
«አንቺ ነሽ?» አላልኋት፤ «እኔ ነኝ» አላለች፤
ወረቀቱን አየችና ትንሽ ፈገግ አለች፣
«በአንዱ ስንት ይከፍሉሃል?» ስትል ጠየቀች።
«ዐሥራ አምስት ብር።»
«በእጅህ?»
«በእጄ።»
«ታድለሃል፤ እኔን ገና አልከፈሉኝም።»
ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።
ታክሲው መጣ፤ ወያላው «ወደ ውስጥ ጠጋ!» አላት፣
ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ነበር፣ እሱን ነው ያየሁላት።

ቅዳሜ ቲኬት ቆረጥሁ። አዎ፣ ከፍዬ፣
ያን ሁሉ ሐሜቴን ደጅ ላይ ጥዬ።
ስታለቅስ አለቀስሁ፤ ምን ልዋሽ።
ቪላው አለ፣ ሳሎኑ አለ፣ ፋሻውም አልቀረ፣
አዳራሹ ቀሚሷን እያየ ሰከረ፤
እኔ ግን ከደረጃ ስትወርድ፣ መኪና ስትገባ፣
ካሜራው አንዴ እንኳ ዝቅ ቢል ብዬ
ከእግሯ ሥር ያን ጭቃ ፈለግሁ።
አላሳዩኝም።

ሰኞ ሌላ ፊልም ወጣ። ባልዲዬን አነሣሁ፤
ከግንባሯ በኩል አዲሱን ፊት መለጠፍ ጀመርሁ፣
ዓይኗ ጋ ስደርስ ብሩሹን ትንሽ አዘገየሁ።